የኤአይ አውደ ጥናት ልታዘጋጁ ነው? የምርምር ጥያቄ ስትቀርጹ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ተመራማሪውና የማሳው ሰው አንድ ጠረጴዛ ከበው "ኤአይ የትኛውን ችግራችንን ይፍታ?" ብለው ሲመክሩ ማየት ደስ ይለኛል። ግን ከአውደ ጥናቱ የሚወጣው ጥያቄ ከተጣመመ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ሥራ አብሮ ይጣመማል። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በእጅ ካለው ዳታ መነሳት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። አይሲኤልአር የተባለው ትልቅ የኤአይ ጉባኤ በ2020 አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ነበር። ኮቪድ መጣና በኦንላይን ሆነ። በጉባኤው ሥር የነበረ የግብርና አውደ ጥናት ዚንዲ በተባለው አፍሪካዊ የውድድር መድረክ ላይ ዋግ የተባለውን የስንዴ በሽታ ከፎቶ የመለየት ውድድር አወጣ። አብዛኞቹ ፎቶዎች ከኢትዮጵያና ከታንዛኒያ ማሳዎች የመጡ ናቸው። ሞዴሉ (ከፎቶዎቹ የሚማረው ፕሮግራም) ከሦስት አንዱን እንዲመርጥ ተጠየቀ፦ የቅጠል ዋግ፣ የግንድ ዋግ ወይም ጤነኛ ስንዴ።

በጣም ጥሩ ጅምር ነበር። ግን ቢጫ ዋግስ? በ2010 ቁብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ የመታው እሱ ነው። ቢጫ ዋግ የያዘው ቅጠል ሲቀርብለት እንዲህ ያለ ሞዴል ከሦስቱ አንዱን መጥራቱ አይቀርም። "አላውቀውም" የሚል ምርጫ አልተሰጠውማ!

አሁን ገበሬውን አስቡት። ቅጠሉን በአውራ ጣቱ ሲያሸው ቢጫ ዱቄት ጣቱ ላይ ይቀራል። ዋግ መሆኑን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። እንቅልፍ የሚነሳው "መድኃኒቱን ዛሬ ልርጭ ወይስ ልጠብቅ?" የሚለው ነው። ጥያቄያችሁ ከዚህ ውሳኔ ከተነሳ ፎቶ ብቻውን እንደማይበቃ ወዲያው ይገባችኋል። ዋግ በነፋስ ይጓዛል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ የሰሞኑ እርጥበት፣ የጎረቤት ወረዳ ሪፖርት፣ ሁሉም ያስፈልጋል።

ባለጉዳዩን መጨረሻ ላይ መጥራት

አንድ አውደ ጥናት ላይ የልማት ሠራተኛዋ የተጋበዘችው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነበር። ጥያቄው ተጽፎ አልቋል። ፎቶዎቹን አይታ "እኛ እኮ ማሳ የምንወርደው በጠዋት፣ በጤዛ ነው" አለች። በስክሪኑ ላይ ጤዛ ያረፈበት አንድም ቅጠል አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ብትኖር ኖሮ ስንት ድካም በቀረ! ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ስብስብ ይህን አውቆበታል። በ2021 ባወጡት፣ በጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስሞችን መለየት የሚያስተምር ዳታ ውስጥ አማርኛን ጨምሮ 10 ቋንቋዎች አሉ፤ በሥራው ውስጥ የየቋንቋው ተናጋሪዎች ራሳቸው ነበሩበት።

ባስተማሩበት ማሳ መፈተን

ከአንድ ማሳ የተነሱትን ፎቶዎች ቀላቅሎ ግማሹን ለማስተማሪያ፣ ግማሹን ለፈተና ማድረግ የተለመደ ነው። ውጤቱ ያምራል፣ ግን ያታልላል። ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን የአፈሩን ቀለም ወይም የካሜራውን ዓይነት ለይቶ ሊሆን ይችላል። በአርሲ ያስተማራችሁትን በጎጃም ፈትኑት። የዘንድሮውን በሚመጣው መኸር ፈትኑት። ይህ የፈተና ደንብ ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት ይጻፍ።

ኔትወርክ አለ ብሎ ማሰብ

ብዙ ማሳ ላይ የለም። ኑሩ የተባለው የካሳቫ በሽታ መለያ አፕ ያለ ኢንተርኔት በስልክ ላይ የሚሠራው በከንቱ አይደለም።

ከሽልማቱ በኋላ ማን እንደሚይዘው አለመወሰን

ቁብሳ በቢጫ ዋግ ሲመታ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲጋሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ ዞረ። በ2013 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጥቶ ባሌ ላይ ዲጋሉን መታው። ዋግ እንዲህ ይለዋወጣል። የአምናው ሞዴልም አዲሱ በመጣ ቁጥር መታደስ አለበት። አዲስ ፎቶ የሚሰበስበው ማን ነው? በጀቱስ ከየት ይመጣል? ከመበተናችሁ በፊት የዚያን ሰው ስም ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩ።