ቀድሞ በመክፈል የሚገኝ የአቅራቢ ቅናሽ እንዴት ይመዘገባል?

በዱቤ የሚሸጥ አቅራቢ ገንዘቡ ቶሎ እንዲገባለት ሲፈልግ በኢንቮይሱ ላይ «2/10፣ ኔት 30» የሚል የክፍያ ውል ያሰፍራል። ትርጉሙም በ10 ቀን ውስጥ ለከፈለ 2 በመቶ ይቀነስለታል፣ ካልሆነ ግን ሙሉው ሂሳብ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል ማለት ነው። ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው መጋዘን ከገባበት ዕለት ሳይሆን ኢንቮይሱ ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ወሩ በገባ በ5 የተጻፈ ኢንቮይስ ቅናሹ በ15 ያበቃል።

ይህ ቅናሽ ከንግድ ቅናሽ ጋር መምታታት የለበትም። ብዙ ለገዛ ደንበኛ ከዝርዝር ዋጋው ላይ የሚነሳለት ቅናሽ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ 125,000 የተባለ ዕቃ 20 በመቶ ተቀንሶለት ኢንቮይሱ በ100,000 ከተቆረጠ፣ መዝገቡ የሚያውቀው 100,000ውን ብቻ ነው።

በብዛት የሚሠራበት መንገድ ግዢውን በጠቅላላ ዋጋው መመዝገብ ነው። ዕቃው ሲገባ (ተከፋይ ሂሳብ ማለት ለአቅራቢው ያለብን ዕዳ ነው)፦

ዴቢት፦ የዕቃ ክምችት 100,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 100,000

በቅናሹ ቀን ውስጥ ሲከፈል፦

ዴቢት፦ ተከፋይ ሂሳብ 100,000
ክሬዲት፦ ባንክ 98,000
ክሬዲት፦ የዕቃ ክምችት 2,000

ክምችቱን በየዕለቱ ሳይሆን በዘመኑ መጨረሻ በቆጠራ የሚያውቅ ድርጅት በዕቃ ክምችት ፈንታ ሲገዛ «ግዢ»ን ዴቢት፣ ሲከፍል «የግዢ ቅናሽ»ን ክሬዲት ያደርጋል። የግዢ ቅናሽ የክሬዲት ሚዛን ያለው፣ ከግዢ ላይ የሚቀነስ ሂሳብ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከባንክ የወጣው 98,000 ቢሆንም ዕዳው የሚሰረዘው በሙሉ 100,000 መሆኑ ነው። ጀማሪ መዝጋቢ ቼኩን አይቶ ተከፋይ ሂሳብንም ባንክንም በ98,000 ቢመዘግብ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ስለሚሆኑ የሂሳቦቹን የዴቢትና የክሬዲት ድምር የሚያነጻጽረው የሙከራ ሚዛን ምንም አይናገርም። በእኛ መዝገብ ለአቅራቢው በተከፈተው ሌጀር (የሂሳብ ገጽ) ላይ ግን የማይገባ የ2,000 ዕዳ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ሠራተኛ እውነተኛ ዕዳ መስሎት ሊከፍለው ይችላል።

ቅናሹን «ልዩ ልዩ ገቢ» ውስጥ መጨመርም የተለመደ ስህተት ነው። ዕቃ በመግዛት ገቢ አይገኝም፤ የተገኘው በርካሽ መግዛት ነው። ስለ ዕቃ ክምችት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2 ቅናሾችና መሰል ተቀናሾች ከግዢው ዋጋ እንዲቀነሱ ያዛል። ስለዚህ ቅናሹ ሲገኝ ዕቃው በከፊል ተሽጦ ከሆነ፣ የተሸጠው ክፍል ድርሻ ወደ ተሸጠ ዕቃ ወጪ ይሄዳል እንጂ በቀረው ክምችት ላይ ብቻ አይጫንም።

ከክፍያው በፊት ዕቃ ከተመለሰ ቅናሹ የሚሰላው በቀሪው ላይ ነው። ከ100,000ው ውስጥ የ10,000 ዕቃ ቢመለስ፣ የ90,000 ሁለት በመቶ 1,800 ስለሚሆን የሚከፈለው 88,200 ነው። አቅራቢው ከፍሎ ኢንቮይሱ ላይ የጨመረው የማጓጓዣ ሂሳብ በተለምዶ ቅናሹ አይመለከተውም።

ሁለተኛው መንገድ ቅናሹ እንደሚገኝ ታሳቢ አድርጎ ግዢውንም ዕዳውንም ከመጀመሪያው በ98,000 መመዝገብ ነው። በጊዜው ከተከፈለ ተከፋይ ሂሳብ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት በ98,000 ተደርጎ ያበቃል። ካለፈ ግን፦

ዴቢት፦ ተከፋይ ሂሳብ 98,000
ዴቢት፦ ያመለጠ ቅናሽ 2,000
ክሬዲት፦ ባንክ 100,000

ያመለጠ ቅናሽ እንደ ፋይናንስ ወጪ ይታያል። እኔ ይህኛውን የምመርጠው፣ የመጀመሪያው መንገድ የተገኘውን ቅናሽ ብቻ ሲያሳይ ይህ ግን የባከነውን ስለሚያጋልጥ ነው። ብክነቱም ቀላል አይደለም፤ 98,000ን ለ20 ተጨማሪ ቀን ይዞ ለመቆየት 2,000 መክፈል በዓመት ሲሰላ 37 በመቶ ገደማ ወለድ ይሆናል፣ በዚህ ሂሳብ ከባንክ ተበድሮ በጊዜው መክፈል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። ችግሩ የተከፋይ ሂሳቡ ሚዛን አቅራቢው ከሚልከው መግለጫ ጋር በቅናሹ ልክ ስለሚለያይ፣ ማስታረቁ ጥንቃቄ መጠየቁ ነው።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ሂሳቡን ሲዘጋ የቅናሽ ጊዜያቸው አልፎ ገና ያልተከፈሉትን ኢንቮይሶች ለይቶ ማውጣት አለበት። ዕዳቸው አሁን ሙሉ ስለሆነ፣ ክፍያውን ሳይጠብቅ ለእያንዳንዳቸው ያመለጠ ቅናሽን ዴቢት፣ ተከፋይ ሂሳብን ክሬዲት ያደርጋል፤ በምሳሌያችን መጠኑ 2,000 ነው።