የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ዘመን ፍርድ ሲሥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ማለትም የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች፣ ታሪክ ለመጽሐፍ በሥዕል ማሳየት ከባድ ሥራ ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ለንጉሥ አንሰግድም ያሉት እነዚህ መነኮሳት ተገርፈዋል፤ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆርጧል፤ በድንጋይ ተወግረዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሣል ደጋግመው የሚታዩኝ ስህተቶች እነሆ።

ትልቁ ስህተት ደሙ ላይ መቆም ነው። የተቆረጠውን ምላስ ጽሑፉ ነግሮናል፤ ሥዕሉ ሲደግመው አንባቢው ወይ ገጹን ይገለብጣል ወይ ይለምደዋል፤ መልመዱ ይብሳል። ውግራት የብዙ ሰው እጅ ያለበት ቅጣት ነው። ስለዚህ ከሚወድቀው መነኩሴ ይልቅ ድንጋይ አንስቶ ገና ያልወረወረውን ሰው ይሣሉ። ጎረቤቱን አይቶ የሚያነሣውን፣ ፊቱን በልብሱ የሚሸፍነውን፣ ልጁን ወደ ኋላ የሚስበውን ይሣሉ። የቅጣቱ ክብደት ያለው እዚያ ነው።

ሁለተኛው፣ ንጉሡን በዙፋን ላይ ፊት ለፊት አስቀምጦ ጣቱን እየቀሰረ ሲፈርድ ማሳየት ነው። የዚያ ዘመን ንጉሥ እንዲህ በቀላሉ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየው መጋረጃና መልእክት ይዘው የሚመላለሱ ሰዎችን ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የሚመጣ ትእዛዝ በሥዕል ላይ ከተቆጣ ፊት ይልቅ ያስፈራል።

ከጀርባ የጎንደርን ግንብ የሚያቆሙም አሉ። ግንቡ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት ቢቀመጥም የነገሥታቱ ኑሮ በአመዛኙ በድንኳን ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ የተቀዳ ጠመንጃ ያዥ ወታደርም እዚህ ቦታ የለውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቀጪውን በአንድ ዓይን መሣል ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ በጎኑ እንደሚሣል ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሁለቱም ወገኖች ለእግዚአብሔር የቆሙ ይመስላቸው ነበር። ንጉሡ ራሱ የሃይማኖት መጻሕፍት ደራሲ ነው፤ መነኮሳቱን የከሰሳቸው ለእመቤታችንና ለመስቀል አይሰግዱም ብሎ ነው። ለቀጪውም ሁለቱንም ዓይኖች ይስጡት፤ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

የተቀጡት ሰዎች የራሳቸው የሥዕል እጅ እንደነበራቸው መዘንጋትም ስህተት ነው። በትግራይ፣ በዓጋመ የሚገኘው ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶ በሥዕል ባጌጡ የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው፤ ትልልቅ ዓይኖች፣ ደማቅ ቀለም፣ በቅርጽ የተከፋፈለ ልብስ። ከእነዚህ አንዱ ወንጌል ባልቲሞር በሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ገጾቹንም በኢንተርኔት በነጻ ማየት ይቻላል። እርሳስ ከማንሣትዎ በፊት ይመልከቱት።