ጠላቶች በቡድን ሲመጡ ከታንኩ የሚያመልጡት ለምንድን ነው? ችግርና መፍትሔ

በኦንላይን አርፒጂ (የሚና) ጨዋታዎች ታንክ፣ ማለትም የጠላትን ምት ወደ ራሱ ስቦ ቡድኑን የሚጠብቅ ተጫዋች ሆኖ አንድን ቦስ (ዋና ጠላት) ፊት ለፊት መያዝ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አምስት ስድስት ጠላቶች በአንድ ጊዜ ሲመጡና ከመካከላቸው አንዱ ታንኩን አልፎ ሂለሩን (ቡድኑን የሚፈውሰውን ተጫዋች) ማሳደድ ሲጀምር ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጨዋታው ለጠላቶቹ ሁሉ የሚሆን የጋራ አግሮ (ጠላት ማንን እንደሚመታ የሚወስን ነጥብ) የለውም። እያንዳንዱ ጠላት የራሱ መዝገብ አለው፤ በመዝገቡም ላይ የመታው፣ ያዳከመው ወይም የሚዋጋውን ሰው የፈወሰ ተጫዋች ሁሉ በነጥብ ተቀምጦለታል። ስለዚህ አንዱን ጠላት የቱንም ያህል ብንደበድበው አጠገቡ በቆመው መዝገብ ላይ አንዳች ነጥብ አይጨምርልንም። «አግሮ ጠፋብኝ» በሚባልበት ጊዜ፣ በአብዛኛው ያመለጠው ጠላት መጀመሪያውኑ ያልተያዘ ሆኖ ይገኛል።

ምልክት፦ ውጊያው እንደተጀመረ ጠላቶቹ ወደ ሂለሩ ይሮጣሉ

መንስኤው ፈውስ የሚፈጥረው አግሮ ነው። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ (የጨዋታው የቀድሞ መልክ) እያንዳንዱ የፈውስ ነጥብ በመሠረቱ ግማሽ የአግሮ ነጥብ ያስገኛል፤ ይህም በውጊያው ውስጥ ላሉት ጠላቶች በሙሉ ይከፋፈላል። ታንኩ ከአምስት ጠላቶች አንዱን ብቻ በቀስት ወግቶ አምስቱንም አስከትሎ መጣ እንበል። ሂለሩ ወዲያው 1000 ነጥብ ቢፈውሰው 500 የአግሮ ነጥብ ይፈጠራል፤ ለእያንዳንዱ ጠላት 100 ይደርሰዋል። ቀስት የተወጋው ጠላት ታንኩን አይለቅም ይሆናል፤ የቀሩት አራቱ ግን በመዝገባቸው ላይ የታንኩ ነጥብ ከዜሮ እምብዛም ስለማይርቅ፣ በዚያች አንዲት ፈውስ ብቻ ፊታቸውን ወደ ሂለሩ ያዞራሉ። ከሚያስፈልገው በላይ የፈሰሰ ፈውስ ግን አይቆጠርም፤ ስለዚህ ጤናው ሙሉ የሆነን ታንክ መፈወስ በራሱ ጠላት አይስብም።

መፍትሔው ጠላቶቹ እንደደረሱ በመጀመሪያ የሚጫነው ቁልፍ ኃይለኛው የነጠላ ምት ሳይሆን ሁሉንም የሚነካው ችሎታ እንዲሆን ማድረግ ነው። ከዚያም የእያንዳንዱን ጠላት የጤና መስመር በዓይን መቃኘት ያስፈልጋል፤ መስመሩ ጫፍ ድረስ ሙሉ የሆነ ጠላት ካለ ገና አልተነካም ማለት ነው፣ ቀጣዩም ምት ለእርሱ ይሁን። እዚህ ላይ የችሎታዎቹን ገደብ ማወቅ ይጠቅማል። በክላሲክ ታንክ ከሚሆኑት የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች የዋሪየሩ ተንደር ክላፕ የተባለ ምት ከአራት ጠላት በላይ አይመታም፣ በባትል ስታንስ (አንዱ የውጊያ አቋም) ካልሆነም አይሠራም፤ በድብ መልክ የሚዋጋው የድሩይድ ስዋይፕ ደግሞ ሦስት ብቻ ይነካል። በአንጻሩ የፓላዲኑ ኮንሰክሬሽን መሬት ላይ ተዘርግቶ የገባበትን ሁሉ ይመታል። ዋሪየር የሆነ ሰው አምስተኛውን ጠላት በእጁ መርጦ መምታት ይኖርበታል፤ ይህ የጨዋታው ድንበር ስለሆነ በቅልጥፍና ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ሂለሩም በበኩሉ የመጀመሪያውን ትልቅ ፈውስ ታንኩ ሁሉንም ነክቶ እስኪጨርስ ቢያዘገየው ለራሱ ይበጀዋል።

ምልክት፦ ውጊያው ተጋምሶ ሳለ አንዱ ጠላት ወደ ዲፒኤስ (ጠላትን መጉዳት ዋና ሥራው የሆነ ተጫዋች) ይዞራል

ይህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ታንኩ የሚመታውና ዲፒኤሱ የሚመታው ጠላት የተለያየ ነው። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጠላት ዒላማውን የሚቀይረው ቅርብ ያለ ተጫዋች ከታንኩ ነጥብ 110 በመቶ፣ ርቆ የቆመ ደግሞ 130 በመቶ ሲያልፍ ነው። ከርቀት የሚመቱት የበለጠ ነጻነት ያላቸው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ታንኩ በጥቂቱ ብቻ የነካው ጠላት ላይ 130 በመቶ ማለት የሁለት ምት ሥራ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ቀድሞ የሚገደለውን በራስ ቅል ምልክት ለይቶ ሁሉም ከእርሱ እንዲጀምር ማድረግ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ የታንኩ ነው፤ በዋናው ዒላማ ላይ በቂ ብልጫ ካገኘ በኋላ ዒላማ እየቀያየረ በየተራ አንድ አንድ ምት ማሳረፍ አለበት። ለዚህም የሚታይ ነገር አለ፤ በፋይናል ፋንታሲ 14 የጠላቶች ዝርዝር አጠገብ ያለው ምልክት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫና ወደ ብርቱካናማ እያለ በመጨረሻ ቀይ ይሆናል፣ ቀዩም ጠላቱ በእናንተ ላይ መሆኑን ያሳያል። በእኔ ግምት ይህን ዝርዝር መመልከት ከየትኛውም አዲስ መሣሪያ የበለጠ ታንክን ያሻሽላል።

የተባረረው ተጫዋችም ድርሻ አለው። ብዙዎች ጠላት ሲከተላቸው በደመ ነፍስ ከታንኩ እየራቁ ይሸሻሉ፤ በዚህም ጠላቱ ከታንኩ የቡድን ምት ክልል ውጭ ይወጣል፣ ታንኩም እርሱን ሲከተል የቀሩትን ይለቃል። ወደ ታንኩ መሮጥ ነው የሚያዋጣው።

ምልክት፦ ታውንት (ጠላትን አስገድዶ ወደ ራስ መሳብ) ተደርጎ ጠላቱ ተመልሶ ይሄዳል

በክላሲክ የዋሪየር ታውንት የታንኩን ነጥብ በመዝገቡ ላይ ከሚመራው ተጫዋች ጋር ያስተካክልና ጠላቱን ለሦስት ሰከንድ ያስገድደዋል። ማስተካከል ግን መብለጥ አይደለም። በሦስቱ ሰከንድ ውስጥ ጠንካራ ምት ካልተከተለ፣ ዲፒኤሱ መምታቱን እስከቀጠለ ድረስ ጠላቱ ይመለሳል። ብዙ ጠላቶችን በአንድ ጊዜ የሚጠራው ቻለንጂንግ ሻውት ደግሞ ለስድስት ሰከንድ ያስገድዳል እንጂ ነጥብ አያስተካክልም፤ ስለዚህ ጊዜ መግዣ ነው፣ በተገዛውም ጊዜ የቡድን ምት ካልታከለበት ሁሉም በአንድነት ይበተናሉ።

በኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ነገሩ የተለየ ነው። እዚያ ታውንት የተደረገ ጠላት ለ15 ሰከንድ ታንኩን ይከተላል፤ ከሌላው ጨዋታ የመጣ ታንክ ሁሉንም በአካባቢ ምት ለመያዝ ቢሞክር ድካሙ ከንቱ ነው። አደገኛ የሆኑትን መርጦ ታውንት ማድረግ፣ ትንንሾቹን ደግሞ በሰንሰለት ስቦ አንድ ቦታ ማከማቸት ይሻላል።

ምልክት፦ አስማተኞችና ቀስተኞች ከኋላ ቀርተው ይመታሉ

ከርቀት የሚዋጋ ጠላት ወደ ታንኩ የሚቀርብበት ምክንያት ስለሌለው፣ በታንኩ ዙሪያ ብቻ የሚሠራ ምት አይደርሰውም። ታንኩ መትቶ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ጀርባ ቢሰወር፣ ጠላቱ ማየት ስለማይችል እየሮጠ ይመጣል፤ የሚጠብቀውም ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ በአንድ ምት መመታት ነው። ይህ እንዲሠራ ግን ቡድኑ በሙሉ ከታንኩ ጋር መሰወር አለበት፤ አንድ ሰው እንኳ ደጅ ከቀረ አስማተኛው በእርሱ ላይ ያተኩራል። ግድግዳ ከሌለ አስማቱን በማቋረጥ ማስጠጋት ይቻላል፤ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ዴዝ ናይት የሆነ ታንክ ደግሞ ዴዝ ግሪፕ በተባለው ችሎታ ይጎትተዋል። ይህም ካልተቻለ ሌሎቹን ጠላቶች ይዞ ወደ አስማተኛው መሄድ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም በትክክል ተደርጎ አግሮ አይያዝም

የታንክ ስታንሱን፣ ማለትም የታንኩን አግሮ የሚያበዛውን ሁነታ ተመልከቱ። በፋይናል ፋንታሲ 14 ጆብ (የገጸ ባሕርዩ ሙያ) ሲቀየር የታንክ ስታንስ ይጠፋል፤ በክላሲክም ፓላዲኑ ሞቶ ሲነሳ ራይቸስ ፊውሪን እንደገና ማብራት አለበት። ስታንሱ በርቶም ጠላቱ አንድን ሰው ብቻ እያሳደደ ታውንት የማይቀበል ከሆነ፣ መዝገቡን ከነአካቴው እንዲዘል ሆኖ የተሠራ ጠላት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ታንኩ ሊይዘው አይችልም፤ የሚሳደደው ሰው እየሸሸ፣ ሌሎቹ እያዘገዩትና ቅድሚያ ሰጥተው እየመቱት ይገደላል።