የሬዲዮ ስርጭትን በስልክ ማዳመጥና ለወላጅ አውርዶ ማድረስ፦ ከጎንደር

አዘዞ ባለው ቤታቸው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ አባቴ ሬዲዮናቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ ያቆማሉ። አንቴናውን እስከ ጫፉ ይስቡና ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብሉታል፤ ከዚያ ማስተካከያውን በአውራ ጣታቸው በጣም በዝግታ ያንቀሳቅሳሉ። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭት በአጭር ሞገድ ሲመጣ አንዳንድ ቀን ጥርት ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዜናው መሀል ላይ እየራቀ ሄዶ በጩኸት ይዋጣል። «አንች ልጅ፣ በዚያ ስልክሽ አይገኝም ወይ?» ያሉኝ እንዲህ በተዋጠበት አንድ ምሽት ነው።

ይገኛል። እንዴት እንደሚገኝ፣ ካርድ ሳይበላ እንዴት እንደሚደመጥ፣ ስልክ ለማይነካካ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚደርስ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እነሆ።

በቅድሚያ ግን ሬዲዮኑን ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት። አጭር ሞገድ ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ ከላይ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ተመልሶ ነው የሚደርሰን። ያ ክፍል በፀሐይ፣ በሰዓትና በወቅት ይለዋወጣል። በዚያ ላይ የአጭር ሞገድ ፕሮግራሞች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ እንደገና ስለሚደለደሉ ጣቢያው ሬዲዮኑ ላይ የሚገኝበት ቦታ ሊቀየር ይችላል። ሽማግሌዎቻችን «ጣቢያው ጠፋ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ትክክለኛውን ገጽ ማግኘት

የስልክዎን ማሰሻ (ብራውዘር) ይክፈቱና «ዶይቼ ቬለ አማርኛ» ብለው በፊደላችን ይፈልጉ። አድራሻውን በቀጥታ መጻፍ ከፈለጉ በላቲን ፊደል ዲ፣ ደብሊው፣ ዶት፣ ኮም፣ ከዚያ ስላሽ፣ ከዚያ ኤ፣ ኤም ነው። ዶይቼ ቬለ የጀርመን የሕዝብ ማሠራጫ ነው፤ ወጪው የሚሸፈነው ከአገሪቱ የፌዴራል በጀት ስለሆነ ለማዳመጥ ክፍያ የለውም። የአማርኛው ክፍል ሥራ የጀመረው በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የሆነውን አሚኮንም (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ሆነ ሌላ የሚወዱትን ጣቢያ የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነው።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የጣቢያዎችን አርማ ለጥፈው የራሳቸውን ወሬ የሚያሠራጩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ቻናሉን ቴሌግራም ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ መጀመሪያ የጣቢያውን ድረ ገጽ ይክፈቱና እዚያ ካለው የቴሌግራም ምልክት ይግቡ። «ለማዳመጥ ይመዝገቡ»፣ «የባንክ ቁጥርዎን ያስገቡ» የሚል ነገር ከመጣ ወዲያው ይዝጉት።

ሰዓቱን ወደ እኛ መመለስ

ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች የስርጭት ሰዓታቸውን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ዩ ቲ ሲ በሚባለው አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ ከተጻፈው ላይ 3 ይቀንሱ፤ ከ12 የበለጠ ከቀረ ደግሞ 12 ይቀንሱ። የተጻፈው 3 ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ መጀመሪያ 12 ይጨምሩበት። 16 ሰዓት ላይ ይላል እንበል፦ ሲቀነስ 13፣ እንደገና ሲቀነስ 1፣ ማለትም ምሽት 1 ሰዓት። ዩ ቲ ሲ በክረምትና በበጋ አይቀየርም፣ የእኛም ሰዓት አይቀየርም፤ ስለዚህ ስሌቱ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

በቀጥታ ማዳመጥ

ገጹ ላይ የሦስት ማዕዘን ምልክቱን ይጫኑና ትንሽ ይታገሡ። ስልኩ ድምፁን አስቀድሞ ጥቂት አጠራቅሞ ነው የሚያጫውተው። በዚህ ምክንያት በኢንተርኔት የሚሰሙት ቀጥታ ስርጭት ከሬዲዮኑ ኋላ ይቀራል፤ የእጅ ሰዓትዎን በዚያ አይሙሉ።

ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ከጠፋ፣ ወደ ስልኩ ሴቲንግ ገብተው ባትሪ የሚለው ውስጥ ማሰሻውን ከባትሪ ቁጠባ ነጻ ያድርጉት። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገጹ ላይ የሚገኘው ሊንክ ሲነካ በጣም ትንሽ ፋይል ይወርዳል፤ መጨረሻው ኤም ስሪ ዩ ወይም ፒ ኤል ኤስ ነው። ሰው ድምፁ ተበላሽቶ የወረደ ይመስለዋል። ፋይሉ የያዘው የስርጭቱን አድራሻ የሚናገሩ ጥቂት መስመሮች ነው። ቪ ኤል ሲ በሚባለው ነጻ አፕ ይክፈቱት፣ ይጫወታል።

ስንት ይበላል?

ይህን ማስላት ቀላል ነው። ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ከሆነ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። 128 ከሆነ እጥፉን፣ 58 ሜጋባይት ገደማ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ቢያዳምጡ በመጀመሪያው ስሌት በወር 870 ሜጋባይት አካባቢ፣ በሁለተኛው 1.7 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በ*999# ፓኬጅ ሲገዙ ይህን ይያዙ። ያው ፕሮግራም በቪዲዮ ከተከፈተ ግን ፍጆታው ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ለመስማት ብቻ ከሆነ ቪዲዮውን ይተዉት።

አውርዶ መስማት

እኔ ቀጥታውን ከተውኩት ቆየሁ። ምሽት ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው፣ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ድምፁም አሥር ጊዜ ይቆማል። ፋይሉን ግን ጠዋት በማለዳ፣ ወይም ፒያሳ ዋይፋይ ያለው ካፌ ተቀምጠው ቡናዎ እስኪመጣ ማውረድ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ባይጠፋም ጉዳይዎ አይደለም።

ጣቢያው ፕሮግራሞቹን በፖድካስት፣ ማለትም አውርደው በፈለጉት ሰዓት በሚሰሙት የድምፅ ፋይል፣ የሚያወጣ ከሆነ የፖድካስት አፕ ውስጥ ስሙን ፈልገው ይከታተሉት፤ ሴቲንጉ ላይ «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» የሚለውን ያብሩ፣ አዲስ ሲወጣ ራሱ ያወርዳል። ገጹ ላይ ከድምፁ አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ደግሞ እሱን መንካት ይበቃል። ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነ «ራስ በራስ ማውረድ» የሚለውን ለሞባይል ዳታ ያጥፉት፤ አለበለዚያ የማይሰሙት ሁሉ እየወረደ ፓኬጅዎን ይጨርሰዋል።

ስልክ ለማይነካካ ሰው

የስልክ ስክሪን ለአባቴ ጣት አልተመቸም። ድምፅ ሊጨምሩ ሲሉ ይዘጉታል፣ ስልክ ሲደወል ደግሞ ዜናው ይቋረጣል። መፍትሔው ሚሞሪና ፍላሽ የሚቀበለው፣ በየሱቁ የሚሸጠው ትንሹ ስፒከር ሆነ። ቁልፎቹ ትልልቅና የሚዳሰሱ ናቸው፤ አባቴ መነጽር ሳያደርጉ ያገኟቸዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን አልተሳካልኝም። አራት ፕሮግራም ጭኜ ካርዱን ሰጠኋቸው፤ ማታ ስደውል «መብራቱ ይበራል፣ ሰው አይናገርም» አሉኝ። ያወረድኳቸው ከቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሲሆኑ ዓይነታቸው ኦ ጂ ጂ ነበር። እነዚህ ትንንሽ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ በእርግጠኝነት የሚያውቁት ኤም ፒ ስሪን ነው። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት የፋይሉን መጨረሻ ይመልከቱ፤ ኤም ፒ ስሪ ካልሆነ በቪ ኤል ሲ የኮምፒውተር ቅጂ መቀየር ይቻላል።

ካርዱ 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ የሚበልጡት ብዙ ጊዜ የሚመጡት ኤክስ ፋት በሚባል አቀራረጽ (ፎርማት) ነው፤ ርካሽ ስፒከር ደግሞ የሚያነበው ፋት 32 የሚባለውን ነው። ፎርማት ሲያደርጉ ፋት 32 የሚለውን ይምረጡ፤ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይርሱ፣ የሠርግ ፎቶ ያለበት ካርድ እንዳይሆን።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል ነው። ፋይሎቹን 01፣ 02፣ 03 እያሉ በቁጥር ይሰይሟቸው። ይህም አንዳንዴ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ስፒከሮች የሚያጫውቱት ስሙን አይተው ሳይሆን ወደ ካርዱ በተገለበጡበት ተራ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጣሉ። ባዶ ካርድ ላይ 01ን ይገልብጡ፣ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ 02ን። አድካሚ ይመስላል፤ ሆኖም የማክሰኞ ዜና ከሰኞ በፊት ሲመጣባቸው አባቴ ምን ያህል ግራ እንደሚጋቡ ስላየሁ አልዘለውም።

ምን ልጫን የሚለውን እሳቸውን ጠየቅኋቸው። የዕለት ዜና በሦስት ቀን ያረጃል፤ ትንታኔና ውይይት ግን ይቆያል። የሰኞውን ማኅደረ ዜናና የእሑዱን እንወያይ መረጡ። እኔ ስለ ጤና የሚናገር አንድ እጨምራለሁ፣ እሱንም ዝም ብለው ይሰሙታል።

ካርድ ሁለት ይኑርዎት። አንዱ እሳቸው ዘንድ እየተደመጠ ሌላው እርስዎ ዘንድ ይሞላል፤ እኔ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዘዞ ስሄድ እቀያይራቸዋለሁ። ካርዱን በጥፍር ተጭኖ ማውጣት ለሽማግሌ ጣት ከባድ ከሆነ ፍላሽ ይጠቀሙ፤ ለመሰካትም ለመንቀልም ይቀላል።

አባቴ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን አንቴናውን መሳባቸውን አልተዉም። ጥርት ብሎ ከመጣ እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ከተዋጠባቸው ደግሞ ይደውሉና «የዛሬውን ጫኝልኝ» ይሉኛል፤ ጠዋት ከሥራ በፊት አወርደዋለሁ።