ቀፎውን ሳይከፍቱ የንቦችን እንግዳ ጠባይ እንዴት መለየት ይቻላል

ንብ ማነብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በቀፎው በር ላይ በሚያየው ነገር ነው። ትናንት ቀጥ ብለው ሲገቡና ሲወጡ የነበሩ ንቦች ዛሬ በሩ ላይ ይሽከረከራሉ። ወይም ተያይዘው እንደ ጢም ተንጠልጥለዋል። ያን ጊዜ እጅ ወደ ክዳኑ ይሄዳል።

እባክዎ ቶሎ አይክፈቱ። የአገራችን ንብ ቁጡ ነው። ደጋግመው ከነካኩት ደግሞ ቤቱን ጥሎ ይኮበልላል። ከውስጥ ያለውን ነገር አብዛኛውን በሩ ይነግርዎታል።

1. ቦታ ይያዙ

ከቀፎው ጎን፣ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብለው ይቀመጡ። ፊት ለፊት አይሁኑ፤ የበረራ መንገዳቸውን ከዘጉ ይናደፋሉ። ሽቶ አይቀቡ። ነጣ ያለ ልብስ ይልበሱ። ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ዝም ብለው ይመልከቱ። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ የሚያዩት ይለያያል፤ ስለዚህ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታና በአካባቢው ያበበውን ነገር በደብተር ይጻፉ። ይህ ደብተር በሁለተኛው ዓመት ትልቅ ሀብት ይሆንልዎታል።

2. እግራቸውን ይዩ

የሚመለሱት ንቦች ኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ እብጥ ነገር ተሸክመዋል? ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ብናኝ ነው፤ የልጆቻቸው ምግብ። ጽጌ በርከት ብሎ የሚገባ ከሆነ ውስጥ እጭ እየተመገበ ነው፣ ንግሥቲቱም ሥራ ላይ ናት ማለት ይቻላል። አበባ ሞልቶ ጽጌ ከቆመ ግን ያስቡበት። ንግሥት የሌለው ቀፎ ወይም ለመጥፋት የተዘጋጀ መንጋ ሊሆን ይችላል።

3. ሽክርክሪቱን ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ከሰዓት በኋላ ንቦቹ በሩ ላይ ሲርመሰመሱ አይቼ «ሊሄዱብኝ ነው» ብዬ በሩን በጭቃ ደፈንኩት። ፀሐዩ ከባድ ነበር። ማታ ስከፍተው ብዙዎቹ ታፍነው ሞተው አገኘሁ። ሊሄዱ አልነበረም፤ ወጣቶቹ ቤታቸውን እያጠኑ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በሙቀት በር ፈጽሞ አይዘጋም።

ቤት የሚያጠኑ ወጣት ንቦች ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው፣ በአየር ላይ ከፍና ዝቅ እያሉ ያንዣብባሉ። ክባቸው ቀስ በቀስ ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐያማ በሆነ ቀን ይመጣል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ጠብ የለበትም። ምንም አያድርጉ።

ዝርፊያ ሌላ ነው። አበባ ሲጠፋ ብርቱው ቀፎ የደካማውን ማር ይዘርፋል። ሌባዋ ንብ በቀጥታ አትገባም። ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ትፈትሻለች፤ በቀፎው ስንጥቅና በጀርባው በኩልም ቀዳዳ ትፈልጋለች። በሩ ላይ ጠባቂዎችና ሌቦች ተናንቀው ይንከባለላሉ። ፀጉራቸው የተላጨ የሚመስሉ፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጩ ንቦች ይታያሉ። በሩ ሥር የሰም ፍርፋሪ ይወድቃል።

ማን እንደሚዘርፍ ለማወቅ ከተጠቃው ቀፎ በሚወጡት ላይ ጥቂት ዱቄት ይነስንሱ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ቀፎዎችዎ ይሂዱ። ነጭ የሆኑት ንቦች የሚገቡበት ቀፎ ነው ዘራፊው።

መፍትሔው፦ የተጠቃውን በር አንድ ወይም ሁለት ንብ ብቻ እስኪያስገባ ድረስ ያጥብቡት። ስንጥቁን በጭቃ ይድፈኑ። በበሩ ፊት ለፊት እርጥብ ሣር ወይም ቅጠል ያኑሩ። የስኳር ውኃ የሚሰጡ ከሆነ ማታ ብቻ፣ በቀፎው ውስጥ ይስጡ፤ ጠብታም ውጭ አይፍሰስ። በዚያን ቀን የትኛውንም ቀፎ አይክፈቱ። የማር ሽታ ዝርፊያን ያባብሳል።

4. የተንጠለጠሉትንና የሚያርገበግቡትን ይዩ

ማታ ማታ በሙቀት ጊዜ በሩ ላይ ተያይዘው የሚንጠለጠሉት ቤቱ ስለሞቀ ነው። እጭ የሚያድገው በ34 እና 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሆነ፣ ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ ግማሾቹ ይወጣሉ። ጥላ ይሥሩላቸው፤ ውኃም ቅርብ ያድርጉ። ነገር ግን ክረምት ወጥቶ አደይ ሲፈካ፣ በቀዝቃዛ ጠዋትም ተንጠልጥለው ሥራ ካቆሙ፣ መንጋው ሊከፈል ስለሚችል ባዶ ቀፎ ያዘጋጁ።

ክንፏን የምታርገበግበዋን ንብ ደግሞ ሆዷን ልብ ይበሉ። ሆዷ ዝቅ ካለና ራሷ ወደ በሩ ከሆነ አየር እያስወጣች ነው። ቅስሙ፣ ማለትም ከአበባ የቀሰሙት ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ውኃው ተንኖ ማር እስኪሆን ድረስ ይህ ሥራ ሌሊቱን ይቀጥላል። ሆዷን ወደ ላይ ቀስራ ከሆነ ግን «ቤታችሁ እዚህ ነው» እያለች ነው፤ ቀረብ ካሉ የሎሚ ዓይነት ሽታ ይሸትዎታል። መንጋ ወደ አዲስ ቀፎ ሲያስገቡ ይህን ካዩ ንግሥቲቱ ሳትገባ አትቀርም፤ ደስ ይበልዎት።

አንዳንዴም ብዙ ንቦች ተሰልፈው በቀፎው ፊት ላይ፣ በድንጋይ ወፍጮ እንደምትፈጭ ሴት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ። ለምን እንደሚያደርጉት ሳይንስ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልፈታውም። ጉዳት የለውም። ከሁሉም በላይ የምወደው ትርኢት ይህ ነው።

5. መሬቱን ይፈትሹ

በሩ ሥር ጥቂት ሬሳ ማየት የተለመደ ነው። ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የምትኖረው፤ የሞተችውን እኅቶቿ ጎትተው ያወጧታል። ድንጉላዎቹን፣ ማለትም ወንዶቹን ንቦች፣ እየገፉ ሲያስወጡ ካዩም ምግብ እየቆጠቡ ነው።

እንደ ጠመኔ የደረቁ ነጭ ወይም ግራጫ እጮች ከወደቁ የሻጋታ በሽታ ነው። ቀፎውን ፀሐይና አየር ወዳለበት ደረቅ ቦታ ያዙሩት። ጉንዳን በቀፎው መቆሚያ እግር ላይ ከወጣ ዙሪያውን አመድ ይንስንሱ፤ የሚነካውንም ሣር ይጨዱ።

በአንድ ቀን ክምር ሬሳ ካገኙ፣ ምላሳቸው ከወጣ፣ የቀሩትም በጀርባቸው ተንጋለው የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ የፀረ ተባይ መርዝ ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሂዱ። ለጠብ አይሂዱ። ገበሬው አበባ ባለበት ጊዜ እንዳይረጭ፣ ግድ ከሆነም ንቦች ከገቡ በኋላ አመሻሹ ላይ እንዲረጭና አስቀድሞ እንዲነግርዎት ይስማሙ። በነገረዎት ቀን ቀፎውን በሌሊት ማራቅ ይችላሉ።

6. አሁን ይክፈቱ

ጽጌ ለብዙ ቀን ከቆመ ወይም በሽታ ከጠረጠሩ መክፈት ተገቢ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመናደፍ የሚከላከል ልብስዎን ለብሰው፣ በኩበት ጭስ ቀስ ብለው ይክፈቱ። የሚፈልጉት እንቁላልና እጭ ነው። ካዩት ሌላውን የማር እንጀራ ሳይነኩ መልሰው ይዝጉት።