ሰፈራችሁ ሳይፈርስ ታሪኩን ልቀሙ

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር ነው። ልጅ ሆኜ ሐዲዱን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ለካ ባቡር የተባለው፣ አርመኑ ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በአፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነው! ተበላሽቶ ቀረና ሰፈሩ ስሙን ወረሰ።

እናንተም ከስም ጀምሩ። ብዙ ግን አትቆዩበት፤ በስም ጉዳይ ሁሉም የየራሱ ተረት አለው።

ቀጥሎ ቡና የሚፈላበት ቤት ግቡ። "ይሄ ቤት መቼ ተሠራ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ጎረቤታችንን እማማን እንዲያ ብያቸው "እኔ ምን አውቄ!" ብለው ዘጉኝ። በሌላ ቀን "ትርፍ ቤት ሲወረስ እዚህ ነበሩ?" አልኳቸው። "ውይ ልጄ፣ ያኔማ አራስ ነበርኩ" አሉና ቶናው ሳይወርድ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ቤት በቤት ነገሩኝ። ደርግ ትርፍ ቤት የወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለእሳቸው ቁጥር አይደለም፤ የማን በር የማን እንደሆነ የተቀየረበት ክረምት ነው። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ማለትም የመንግሥት ቤቶችን ወደሚያከራየው መሥሪያ ቤት ሄደ። ከአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ ያሉ ቤቶች ለምን እንደዚህ እንደሚለያዩ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የእድር መዝገብም ወርቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዩ፤ ማን መጀመሪያ እንደገባ፣ ወርኃዊ መዋጮው ስንት እንደነበር ታገኛላችሁ። ዳኛውን አስፈቅዱ፣ ስልክ ቶሎ አታውጡ። ሜትር ይዞ መዞር ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የሚለካ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ከወረዳ ነሽ?" ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ግድግዳ ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ከቀለሙ ሥር ጋዜጣ ተለጥፎ ይሆናል። ለብ ያለ ውኃ በስፖንጅ አስነኩት፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ከጥግ ጀምራችሁ በቢላ ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ አሮጌው ከታች ያለው ነው። እኛ ቤት አራት ድርብ ወጣ። የመጨረሻው አዲስ ዘመን ነው፤ ርዕሱ ላይ "ግርማዊ" የሚል ስላለ ከ1967 በፊት መሆኑን አወቅኩ። ወሩና ቀኑም ይነበባል። ዓመቱን አይጥ በልቶታል።