ፖስትግሬስን በአማዞን አርዲኤስ ላይ ማስኬድ፦ የእነሱ ሥራ እና የእናንተ ሥራ

አርዲኤስ፣ ዳታቤዝ አስተዳድሮ የሚያከራየው የአማዞን አገልግሎት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ማይኤስኪውኤል ከተባለው ዳታቤዝ ጋር ጀመረ፤ ፖስትግሬስ የተባለው ሌላው ዳታቤዝ የተጨመረለት በ2013 ነው። ከጀርባው ያለው ነገር የሚያስገርም አይደለም፦ አንድ ቨርቹዋል ማሽን፣ በኔትወርክ የተያያዘ ዲስክ፣ በላዩ የተጫነ ፖስትግሬስ። ወደ ማሽኑ ግን አትገቡም። ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያው) የለም፤ በዳታቤዙ ላይ ሁሉን የሚያስችለው ሙሉ የሱፐርዩዘር ሥልጣንም አይሰጣችሁም፣ ጠበብ ያለ ምትክ እንጂ። የተበላሸ ዲስክ መተካት፣ ማሻሻያ መጫንና በየቀኑ ባክአፕ መያዝ የእነሱ፣ የአማዞኖች፣ ሥራ ነው። የሚንቀራፈፍ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ)፣ የጎደለ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ)፣ ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ፖርትና በስህተት የጠፋ ቴብል ግን የእናንተ ናቸው።

በቅድሚያ ኋላ ለመለወጥ የሚያስቸግሩትን ወስኑ። ኢንክሪፕሽን የሚበራው ዳታቤዙ ሲፈጠር ብቻ ነው፤ ካለፋችሁት ስናፕሾት (የዳታቤዙን የቅጽበት ቅጂ) አንስቶ፣ ቅጂውን ኢንክሪፕት አድርጎ፣ ከእሱ አዲስ ዳታቤዝ ማስነሳት ግድ ይላል። ዲስክ ባለበት ይጨመራል እንጂ ባለበት አይቀነስም፤ ስለዚህ “ለማንኛውም” ብሎ 1000 ጊጋ መያዝ በየወሩ የሚከፈልበት ስህተት ነው። ሪጅንም፣ ማለትም የአማዞን የዳታ ማዕከላት ያሉበት አካባቢ፣ እንዲሁ። ከአዲስ አበባ በካርታ ቅርብ የሆኑት የባህሬንና የኤምሬትስ ናቸው፣ ነገር ግን የኢንተርኔት መስመር ካርታ አይከተልም፤ ከራሳችሁ ኔትወርክ ለክታችሁ ምረጡ። ከዚህ የሚበልጠው አፕሊኬሽኑና ዳታቤዙ አንድ ሪጅን ውስጥ መሆናቸው ነው። አፕሊኬሽኑ አዲስ አበባ፣ ዳታቤዙ ባህር ማዶ ከሆነ፣ 30 ኩዌሪ በተራ የሚጠይቅ ገጽ ያንን መንገድ 30 ጊዜ ይመላለሳል። የሰዎችን የግል መረጃ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሳታነቡ ውጭ አገር አታስቀምጡ።

ስትፈጥሩት ለሙከራ 1 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ትንሹ ማሽን ይበቃል። ለዲስክ ጂፒ3 የተባለውን ዓይነት ምረጡ፦ ከ400 ጊጋ በታች 3000 አይኦፒኤስ (በሰከንድ የሚሠራ የንባብና የመጻፍ ብዛት)፣ ከ400 ጀምሮ 12000 ይሰጣል። “ፐብሊክ አክሰስ” የሚለውን “ኖ” በሉት፤ ፖስትግሬስ የሚሰማበትን ፖርት 5432ን ለአፕሊኬሽኑ ሰኪውሪቲ ግሩፕ (ማን እንደሚገባ ለሚወስነው የፋየርዎል ደንብ) ብቻ ክፈቱ። የራሳችሁን ፓራሜትር ግሩፕም (የዳታቤዙን ቅንብሮች ስብስብ) ከመጀመሪያው አያይዙ። አብሮ የሚመጣው አይስተካከልም፣ ኋላ መቀየሩም ሪስታርት ይጠይቃል።

ብዙዎችን ቶሎ የሚይዛቸው የኮኔክሽን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከዳታቤዙ ጋር የሚከፈቱ ግንኙነቶች፣ ቁጥር ነው። ጣሪያው የሚሰላው ሚሞሪውን በባይት ለ9531392 በማካፈል ነው፣ እስከ 5000 ድረስ። 1 ጊጋ ላይ በስሌት 112 ይመጣል፤ ሲስተሙ ከሚሞሪው የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ በተግባር ያንሳል። እያንዳንዳቸው 40 ኮኔክሽን የሚይዙ 3 ሰርቨሮች ካሏችሁ 120 ሆነ፣ አለፈ። ጣሪያውን በእጅ ከፍ ማድረግ ሚሞሪ ከማስጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም፤ መሃል ላይ ፒጂባውንሰር (ጥቂት ኮኔክሽኖችን ለብዙዎች የሚያጋራ ፕሮግራም) አስገቡ።

“መልቲ ኤዜድ” ስታበሩ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ የዳታ ማዕከል ይቆማል፣ ወደ ዳታቤዙ የሚጻፍ እያንዳንዱ መረጃም በሁለቱም ላይ ካልተመዘገበ “ተሳክቷል” አይባልም። ዋናው ሲወድቅ ተጠባባቂው ይተካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 120 ሰከንድ ይወስዳል። የዳታቤዙ አድራሻ ስሙ አይለወጥም፣ ከስሙ ጀርባ ያለው አይፒ ግን ይለወጣል። አሮጌውን አይፒ ይዞ የሚቀር አፕሊኬሽን፣ በተለይ በጃቫ የተጻፈ፣ ዳታቤዙ ተነስቶም “አይገናኝም” ይላል፤ የዲኤንኤስ ካሹን (ስሙ የሚያመለክተውን አይፒ ይዞ የሚያቆይበትን ጊዜ) ከ60 ሰከንድ በታች አድርጉት። ወደ ተጠባባቂው መዛወሩን “ሪቡት ዊዝ ፌይልኦቨር” በሚለው ምርጫ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ሞክሩት። ይህ ተራ መልቲ ኤዜድ ተጠባባቂው ኩዌሪ አያስተናግድም፤ ለንባብ ከፈለጋችሁ ሪድ ሪፕሊካ (ለማንበብ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ) የተለየ ነገር ነው። ባክአፕም አይደለም፦ ዋናው ላይ የተሰረዘ ቴብል እዚያም ወዲያው ተሰርዟል።

ለተሰረዘው መድኃኒቱ ወደ ኋላ ሰዓት መመለስ ነው። አርዲኤስ የትራንዛክሽን ሎጉን (የዳታ ለውጦችን መዝገብ) በየ5 ደቂቃው ወደ ኤስ3፣ የአማዞን የፋይል ማከማቻ፣ ይልካል፤ ባክአፑን እስከ 35 ቀን ማቆየት ትችላላችሁ፤ 0 ካላችሁ ግን ጭራሽ ይጠፋል። ስህተቱ የተፈጸመበትን ሰዓት ከፖስትግሬስ የሥራ ሎግ (ከትራንዛክሽን ሎጉ የተለየ ነው) ፈልጉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ሎጉ በዩቲሲ ነው፦ ባልደረባችሁ “ከቀኑ 9፡20 ላይ ሰረዝኩት” ካለ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ 15፡20 ነው፣ 3 ሰዓት ሲቀነስ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 12፡20 ይሆናል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ቀደም ያለውን ሰዓት መርጣችሁ መልሱ።

የሚመለሰው አሮጌው ላይ አይደለም። አዲስ ዳታቤዝ በአዲስ አድራሻ ይፈጠራል፣ ካልመረጣችሁለት ደግሞ ነባሪውን ሰኪውሪቲ ግሩፕና ፓራሜትር ግሩፕ ይዞ ይነሳል። “ተመልሷል ግን አልገባም አለ” የሚለው ችግር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የጠፋው አንድ ቴብል ከሆነ እሱን ብቻ በፒጂደምፕ (የፖስትግሬስ ዳታ ማውጫ መሣሪያ) አውጥታችሁ ወደ ዋናው መልሱ፤ ከስህተቱ በኋላ የገባውን አዲስ መረጃ አታጡም። ሁሉንም ወደ አዲሱ የምታዛውሩ ከሆነ ግን በመጀመሪያ ይንቀራፈፋል፤ ዳታው ከኤስ3 የሚጫነው ሲነካ ነውና። ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት ትልልቆቹን ቴብሎች ከዳር እስከ ዳር አስነብቡ።

ዲስክ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቆማል። ዳታው ሳያድግ ዲስኩ ከሞላ የተረሳ ሪፕሊኬሽን ስሎት (ለውጦችን ለሚከታተል አንባቢ የተያዘ ቦታ) ጠርጥሩ፦ አንባቢው ሄዷል፣ ፖስትግሬስ ግን “ይመጣል” ብሎ ሎጉን ያጠራቅምለታል። ስሎቱን ሰርዙት። ዲስኩ በራሱ እንዲያድግ ማድረግም ይቻላል፣ ነገር ግን አንዴ ካደገ እንደገና ለማደግ ቢያንስ 6 ሰዓት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ዲስኩ ሊሞላ ሲል የሚያሳውቃችሁ ማስጠንቀቂያ ማዘጋጀታችሁ አይቀርም።

ወጪ ለመቆጠብ ያቆማችሁት ዳታቤዝ በ7 ቀን ራሱ ይነሳል፤ ቆሞም እያለ ዲስኩ ይከፈልበታል። ለረጅም ጊዜ የማትፈልጉት ከሆነ የመጨረሻ ስናፕሾት ወስዳችሁ ሰርዙት። ስትሰርዙ “አውቶማቲክ ባክአፖች ይቆዩ” የሚለው ላይ ምልክት ካላደረጋችሁ አብረው ይጠፋሉ፤ የሚተርፉት በእጅ የተወሰዱት ስናፕሾቶችና ያ የመጨረሻው ብቻ ናቸው።